ለብሩህ ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት መክፈት ፍትሐዊ ነውን?



በልዩ ልዩ የሀገራችን ክልሎች በትምህርታቸው የላቀ ውጤት ያላቸውን ልጆች በፈተና እየመረጡ የሚያስተምሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተበራክተዋል። አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም፥ በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤትም ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ይሰበስቡ ነበር። ዛሬ ጥያቄውን የሚያከብደው በተመረጠውና በቀረው መካከል ያለው ርቀት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። አንዳንድ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን ያስፈተኗቸውን በሙሉ አሳለፉ። ለመሆኑ ጥሩ መምህር፥ ቤተ ሙከራና መጽሐፍ እጅግ ጥቂት በሆነበት ሀገር፥ ያንኑ ጥቂቱን ሰብስቦ ለጥቂቶች መስጠት ተገቢ ነውን?

ፈላስፋው አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ድርሳኑ፥ ጥሩ ዋሽንት የሚገባው ለባለጸጋው ወይም ከታላቅ ቤት ለተወለደው ሳይሆን አሳምሮ ለሚነፋው ነው ሲል ይሞግታል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ፈጣኑን ልጅ ባወቀው ትምህርት ላይ ዓመት ሙሉ አስቀምጦ ማሰልቸትም በደል ነው፤ እኩልነት ሁሉንም ማዘግየት ማለት አይደለምና። ይሁን እንጂ ዋሽንቱ ለነፊው የሚሰጠው ለዜማው ሲባል ነው፤ ዜማ ደግሞ ሰሚ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ገና ነፊ አልሆነም፤ ነፊ ይሆናል ብለን የምንገምተው ነው እንጂ።

ግምታችን የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ውኃ ቀድታ፥ ከትምህርት መልስ እንጀራ ጋግራ፥ ማታ በኩራዝ የምታጠና ልጅ ከመቶ ሰባ ብታገኝ፥ ይህ ውጤት አስጠኚ ተቀጥሮለት ዘጠና ካገኘው የከተማ ልጅ ያነሰ ነውን? የመግቢያ ፈተናው የሚለካው አእምሮን ብቻ አይደለም፤ የቤቱን መብራትና የእናቲቱን ዕረፍት ጭምር ይለካል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖን ዝምተኛ ስለ ነበር የትምህርት ጓደኞቹ «ዲዳው በሬ» ይሉት እንደ ነበር ይነገራል። ማንነቱን የለየው ታላቁ መምህር አልቤርቶስ ቀርቦ ስላወቀው እንጂ ወረቀት አርሞ አልነበረም።

ይኸው ቅዱስ ቶማስ ስለ ጸጋ ሲያስተምር፥ ሰውየውን ራሱን ከእግዚአብሔር ጋር የሚያስተባብረውን ጸጋ፥ ሌሎችን ለመርዳት ከሚሰጠው ጸጋ ይለያል። በርግጥ ብሩህ አእምሮ የተፈጥሮ ስጦታ እንጂ በዚህ አነጋገር ጸጋ አይባልም፤ የነገረ መለኮት መምህሮቼ ቢያነቡኝ ይህን ሳያርሙ አያልፉኝም። ቢሆንም ልጁ ፈጣን አእምሮውን ሠርቶ ያገኘው አይደለም፤ ያልሠራበትን ነገር ደግሞ የራሴ ብቻ ነው ሊል አይችልም።

አባቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት በዕድሜ የተከፈለ ክፍል አልነበረም። ቶሎ የገባው ከፊደል ወደ ዳዊት፥ ከዳዊት ወደ ዜማና ቅኔ ይሻገር ነበር፤ ማንም አይዘውም። ነገር ግን ቀድሞ የተሻገረው ታናናሾቹን ያስቀጽል ነበር። መምህሩ አንድ፥ ተማሪው ብዙ ስለ ነበር፥ ያለ ፈጣኑ ልጅ ድካም ዘገምተኛው ፊደል አይቆጥርም ነበር። የዛሬው ልዩ ትምህርት ቤት ፍጥነቱን ወስዶ ይህን ግዴታ ተወው። ልጁን ከመንደሩ ሲወስድ፥ በዕረፍት ሰዓት ሒሳቡን ለጓደኞቹ የሚያስረዳላቸውን አብሮ ይወስዳል፤ የወረዳው አንድ ጥሩ የፊዚክስ መምህር ተከትሎ ከሄደማ የቀሩት ምን ይሆናሉ?

ስለዚህ ልዩ ትምህርት ቤት ይዘጋ አልልም። ከጎረቤቶቹ መምህራንን እየነጠቀ የሚበለጽግ፥ የገጠሩን ልጅና ልጃገረዲቱን በሌላ መስፈርት ጭምር የማይፈልግ ከሆነ ግን በሕዝብ ገንዘብ ሊቆም የሚገባው አይመስለኝም። ለእኛም ጥያቄው ይደርሰናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፥ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በተለይ ለድኾችና ቤተሰብ ለሌላቸው እንዲያስቡ አሳስቧል። አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በመግቢያ ፈተና ብርቱዎቹን ብቻ ተቀብሎ በመጨረሻው ውጤት ሲመካ፥ ያስተማረው ስንቱን ነው? የመረጠውስ?

በቤትም ጉዳት አለ። በወንጌሉ ምሳሌ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ መክሊቱን የቀበረው ራሱ ነው፤ ባልተመረጠው ልጅ ላይ ግን «ይኼኛው አይሆንለትም» እያልን የምንቀብርበት እኛ ነን። የተመረጠውም አይድንም፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነ የቤተሰቡን ተስፋ እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። ስጦታው የጋራ ነው ማለት ልጁ የእኛ ዕቃ ነው ማለት አይደለም።

በክረምት ከአዳሪ ትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በየቁምስናው አሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሳምንት ሁለት ጠዋት አዳራሹን ከፍተው፥ ታናናሾቻቸውን ሒሳብና ንባብ እንዲያስጠኑ ሊጠይቋቸው ይችላሉ። ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል፤ ለሚመጡት ልጆችም የመግቢያ ፈተና አያስፈልግም።