ሳያውቅ ያጠፋ ይቀጣልን?

በደልን ከስሕተት የሚለየው ዕውቀት ነው። አውቆ ያጠፋ ይወቀሳል፤ ሳያውቅ ያጠፋ ግን ሊመከርና ሊታረም ይገባዋል። ይህ ፍርድ በአደባባይ ሲነገር ሁሉም ሰው እውነት ነው ይላል፤ በቤት ውስጥ ግን፥ ይልቁንም እንቅልፍ በሚከብድበት በሌሊት፥ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ይህንም ለመረዳት ትንሽ ከሚመስሉት ነገሮች አንዱን መመርመር ይበቃል፤ እርሱም ቡችላ ያመጣ ሰው ቤቱ እንዳይቆሽሽ ሲል ሌሊቱን የሚያደርገው ነገር ነው።

በአዲስ አበባ በቆዩት መንደሮች ብዙ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህም ብዙ ቤተ ሰብ በቀበሌ ቤት አንዱን ግቢ በጋራ ይዞ ሲኖር ቆይቷል። እንዲህ ባለ ግቢ የአንድ ቡችላ ልቅሶ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቡችላው ከእናቱ በተለየበት በመጀመሪያው ሌሊት ሲያለቅስ፥ ከግድግዳው ማዶ ያለችው አራስ ትነቃለች፤ ጎሕ ሲቀድ ለሥራ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ሲገላበጥ ያድራል። ሲነጋም ባለቤቱ ወለሉን ረጥቦ ሲያገኘው ዱላ ያነሣል፤ ወይም የቡችላውን አፍንጫ በሽንቱ ላይ ይደፍቃል። ቡችላው አንገቱን ሲደፋም፥ «ይኸው ጥፋቱን ያውቀዋል!» ይላል።

ቡችላው ግን ምን ያውቃል? በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቱ ካልላሰችው በቀር ሽንቱን እንኳ በራሱ ሊያወጣ አይችልም። ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆነው ከመኝታው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ መሽናት ይጀምራል፤ ስለዚህ የሚተኛበትን ስፍራ ላለማቆሸሽ መፈለግ በፍጥረቱ አለ። ነገር ግን የሰው ቤት ከዳር እስከ ዳር መኝታ መሆኑን የሚነግረው ፍጥረት የለም፤ ይህን ሊነግረው የሚችል ሰው ብቻ ነው። ደግሞም ሁለት ወር የሆነው ቡችላ ቀን ቀን ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ ሽንቱን ሊይዝ አይችልም፤ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ጥቂት ቢጨምርም እስኪነጋ አይዘልቅም። ይህ እንቢተኝነት አይደለም፤ የፊኛው ልክ ነው።

ስለ አንገቱ መድፋት ደግሞ፥ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት የውሻ ጠባይ መርማሪ በ2009 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ14 ውሾች ያደረገችውን ምርመራ አሳትማለች። ባለቤቶቹ ውሾቻቸውን ከአንድ ምግብ ከልክለው ወጡ፤ ሲመለሱም አንዳንድ ጊዜ ውሻው ሳይበላ በላ ተብሎ ተነገራቸው። የጥፋተኛ የሚመስለው መልክ የታየው ውሻው በመብላቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቆጣቱ ነበረ፤ እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ ቁጣ የደረሰባቸው መልኩን አብልጠው አሳዩ። ሰው ጸጸት ነው ብሎ ያነበበው ፍርሃት ኖሯል።

በ1904 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭም ውሻ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ በሌሊት ሸንቶ በማለዳ የተመታ ቡችላ ዱላውን ከሽንቱ ጋር አያያይዘውም፤ የሚያያይዘው ዱላውን ከያዘው ሰው ጋር ነው። ከዚያም ወዲያ ከአልጋ ሥር ተደብቆ ይሸናል፤ ወደ ውጭ ቢወሰድ እንኳ በሰው ፊት ለመሽናት ይፈራል። ዱላው ያስተማረው ንጽሕናን ሳይሆን መደበቅን ነው። የአገራችን ሰው ከየአቅጣጫው የሚዋከበውን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ» ይለዋል። ያች ውሻ መባረርዋን እንጂ የተባረረችበትን ምክንያት አታውቅም፤ በማለዳ የሚመታውም ቡችላ እንደ እርስዋ ነው።

ታዲያ የረጠበው ወለል የሚመሰክረው በማን ላይ ነው? ሊመጣ ያለውን እያወቀ በተኛው ላይ ነው። የሚያውቅ ሰው ማታ ምግቡን ቀደም አድርጎ ይሰጠዋል፤ ከመተኛቱም በፊት ወደ ግቢው አንድ ማዕዘን ያወጣዋል። በጆንያ ላይ ከአልጋው አጠገብ ያስተኛዋል፤ ቡችላው ብቻውን ካልሆነ ልቅሶው ይቀንሳልና፤ ሲቁነጠነጥም ለመስማት ይመቻልና። ሌሊት በስድስት ሰዓት ግድም፥ ዳግመኛም በአሥር ሰዓት ግድም ተነሥቶ ወደዚያው ማዕዘን ይወስደዋል፤ ሳያጫውትና ሳይቆጣ ይጠብቀዋል፤ በሸናም ጊዜ ወዲያው በለሰለሰ ቃል ያበረታታዋል። የጋራውንም ግቢ ያጸዳል። በቤት ውስጥ ካመለጠው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ያጥባል፤ ሽታው ቡችላውን ወደዚያው ይመልሰዋልና። አራት ወይም አምስት ወር ሲሞላው አብዛኛው ቡችላ ሌሊቱን ይዘልቃል።

«ቀኑን ሙሉ ሲደክም የዋለ ሰው ለውሻ ሲል እንቅልፉን ይስጥ ማለት ፍርድ ነውን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የድኻ ሀብቱ እንቅልፉ ነውና። ነገር ግን ውሻ የሚፈለገው በአብዛኛው ለምንድር ነው? ሰው ሲተኛ እርሱ እንዲነቃ ነው። ለብዙ ዓመት ሌሊት ሌሊት የሚጠብቀውን፥ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ መጠበቅ ከባድ ዕዳ አይባልም። ዕዳውም በብድር መላሽነት ብቻ የቆመ አይደለም፤ ውሻው አድጎ ሰነፍ ዘበኛ ቢሆን እንኳ፥ ከእናቱ ሥር ያወጣው ሰው በእናቱ ፈንታ ሊቆምለት ይገባል። ቡችላው ልምጣ አላለም፤ ጎረቤቱም ይምጣ አላለም፤ የመረጠው አንዱ ባለቤቱ ነው።

ይህን ማድረግ የማይችል ሰው አለማምጣቱ ነውር የለበትም። ነውሩ አምጥቶ፥ መትቶ፥ በመጨረሻም ከበር ማውጣት ነው። የተጣለው ቡችላ በሕይወት ከተረፈ የመንገድ ውሻ ይሆናል፤ በአገራችን ደግሞ የእብድ ውሻን በሽታ ወደ ሰው የሚያመጣው ይልቁንም ያልተከተበ ውሻ ነው። አንዱ ቤት ያልታገሠው ሽንት እንዲህ ባለ መንገድ የመንደሩ ሁሉ ሥጋት ሆኖ ይመለሳል።

ስለዚህ ቡችላ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ከመኖና ከሰንሰለት አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ ሌሊት በአሥር ሰዓት፥ ብርድ ሳለ፥ ማንም ሳያየውና ሳያመሰግነው ሊነሣ ይችል እንደ ሆነ ይመርምር። የማያውቀውን ማስተማር የሚያውቀው ሥራ ነው፤ የሚያውቀውም ሊሠራው የሚችለው ነቅቶ ሳለ ብቻ ነው።