ዕድል የማን ነው?

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ይኸው የዕድል ነገር ነው። አንዱ «የጣረ ያገኛል፤ ያላገኘ አልጣረም» ይላል። ሌላው ጋቢውን ተከናንቦ «ተወው ባክህ፣ የአርባ ቀን ዕድል ነው» ብሎ ይተኛል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። የሁለተኛው ስንፍና ስለሆነ ብዙ አልከራከረውም። የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው፤ ጨዋ መስሎ ይገባና የወደቀውን ሁሉ ጥፋተኛ አድርጎ ይወጣል።

እስቲ የምሩጽ ይፍጠርን ነገር እንይ። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ሲጀመር ግን መነሻው ላይ አልነበረም፤ ለምን እንደዘገየ የሚወራው ብዙ ነው። በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ተራ ሲደርስ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ የሯጭ እግር ግን አራት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ምሩጽ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የመጀመሪያው ጓደኛችን «ይኸው! ጥረት!» ብሎ ሊያጨበጭብ ነው።

ቆይ፣ አትቸኩል። በላይነህ ዲንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጠ። ያንን ሰዓት ከአሥር ዓመት በላይ ማንም አላሻሻለውም። አምስት ወር ቆይቶ የሴኡል ኦሊምፒክ ተከፈተ፤ ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግና አልሄደችም። የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ እዚያ መነሻ ላይ አልቆመም። ምን እንበለው እንግዲህ? አልጣረም?

ታዲያ ምስጋና ለማንም አይገባም ማለት ነው? አይደለም። በር ቢከፈት እንኳ ያልተዘጋጀ ሰው አይገባም፤ ምሩጽ እነዚያን ስምንት ዓመታት ልምምዱን ትቶ ቢሆን ሞስኮ ምን ይሠራለት ነበር? ላቡ የራሱ ነው፤ ይመስገንበት። እኔ የምለው፣ መመስገን አንድ ነገር ነው፣ የቀረውን ሰው መናቅ ሌላ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ድልድይ የለም።

ነገሩ ከሩጫ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ታላቅ እህቴና እኔ እስከ አራተኛ ክፍል አብረን ተማርን፤ አንደኛ እሷ፣ ሦስተኛ እኔ። እናታችን ስትታመም ውሃ የሚቀዳ፣ እንጀራ የሚጋግር ሰው ጠፋ። ማንም አልመከረበትም፤ እሷ ቀረች፣ እንዲያው የታወቀ ነገር ሆኖ። በኩራዝ ማጥናቴ እውነት ነው፤ ኩራዙን የምትሞላው ግን እሷ ነበረች። ይህን ዕድል ማለት እንኳ ይከብደኛል። ዕድል ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል፤ ይህ ግን ከአንዷ እጅ ወጥቶ ለሌላው የተሰጠ ነው።

ለበዓል ቤት ስሄድ ጎረቤቱ ሁሉ «ጎበዝ! በራሱ ጥረት!» ይለኛል። እሷ ቡና እያፈላች ትሰማለች። ዘንድሮ የማታ ትምህርት ጀምራለች፤ አምስተኛ ክፍል።