ደህና የዋለው ቀንስ?

ለመሆኑ ምንም ጉዳት ያልደረሰበት ቀን ምስክር ሊሆን ይችላል? እኔ ይችላል ባይ ነኝ፡፡

ቻሌንጀር የተሰኘችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ልትመጥቅ አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ መሐንዲሶች ብርዱ የሮኬቶቹን መጋጠሚያ የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች እንዳያደነድናቸው ሰግተው ነበር፡፡ ክርክሩ ግን ቀለበት በተጎዳባቸው በረራዎች ላይ ብቻ ቆመ፡፡ ጉዳቱ በ12ም በ24ም ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለታየ፣ የብርዱ ጥፋት አልተረጋገጠም ተባለ፡፡ መንኮራኩሯ በማግስቱ መጠቀች፤ በ73ኛው ሰከንድ ተበታትና 7 ሰዎች አለቁ፡፡

በኋላ አጣሪው ኮሚሽን የቀደሙትን 24 በረራዎች በሙሉ አስተያየ፡፡ ከ18 ዲግሪ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ነበር፡፡ ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን አንዱም አላመለጠም፡፡ እውነቱን ተሸክመውት የኖሩት ማንም ያላነሳቸው ደህና በረራዎች ነበሩ፡፡

ይህ የሙያ ግድፈት እንጂ የሞራል ጥያቄ አይደለም የሚሉ ይኖራሉ፡፡ እኔ አልስማማም፡፡ ነገን ለመተንበይ መረጃ የሚያሰባስብ ሰው፣ የሚመዘግበውንና የሚተወውን ሲለይ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ሕይወት ላይ እየፈረደ ነው፡፡ ዳኛ ደግሞ የከሳሽን ምስክር ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፡፡