ከፍትፍቱ ፊቱ



በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ስንወያይ «አንድ ሰው ለመብል ብቻ ብሎ ከከተማ ወደ ከተማ ቢጓዝ ነውር ነውን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዱ ወገን «የዕለት ጉርሱን ያጣ ወገን ሳለ ለአንድ ምሳ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ማቋረጥ ለሆድ ማደር ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «እያንዳንዱ አገር ምድሩና ውኃው የሰጠው የራሱ ምግብ አለው፤ ያን በቦታው ተገኝቶ መቅመስ ሕዝቡን ማወቅ ነው፤ ምን ክፋት አለበት?» ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ሳይቋጭ ተለያየን። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ያላነሡት አንድ ነገር በልቤ ስለ ቀረ ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ለመብል መጓዝ በራሱ ክፉ ነው ለማለት አይቻልም። የጉራጌን ተወላጅ እንመልከት። ዓመቱን ሙሉ በአዲስ አበባ ሲነግድና ሲሠራ የቆየው ሰው መስከረም ሲጠባ ለመስቀል ወደ አገሩ ይወርዳል። ክትፎ በከተማው ጠፍቶ አይደለም፤ በየመንገዱ ዳር ይገኛል። ነገር ግን እናቱ ከወራት አስቀድማ ያጠራቀመችውን ቅቤ፣ ከጓሮዋ እንሰት ተፍቆ በጕድጓድ ተቀብሮ የቆየውን ቆጮ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የተካፈለውን የቅርጫ ሥጋ ከተማው ሊሰጠው አይችልም። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ያ ሰው በመስቀል ዕለት የሚበላው ቤተሰቡ ከብዙ ጊዜ በፊት ተክሎ የጠበቀለትን ነው። ይህን ጉዞ ሆዳምነት ብሎ የሚጠራው ማን ነው?

እንግዲህ ጥያቄው የሚከብደው ተጓዡ ወደ እናቱ ቤት ሳይሆን ወደማያውቀው ሰው ማዕድ ሲሄድ ነው። በዚህ ረገድ በዓለም እጅግ የታወቀው ምሳሌ የፈረንሳዩ የሚሽሊን መመሪያ መጽሐፍ ነው። አንድሬና ኤድዋር ሚሽሊን የተባሉት ወንድማማቾች የጎማ ፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፈረንሳይ አገር የነበሩት መኪናዎች ከ3,000 ያነሱ ነበሩ። ሰው ካልተጓዘ ደግሞ ጎማ አያልቅም። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ጎማ የሚጠገንበትን፣ ነዳጅ የሚገኝበትን፣ የሚታደርበትንና የሚበላበትን ስፍራ የሚያመለክት መጽሐፍ አሳትመው በነጻ አደሉ። በ1926 መጽሐፉ ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ በ1931 ሁለትና ሦስት ኮከብ ተጨመረ። ሁለት ኮከብ ያለው ቤት ከመንገድ ወጣ ብለው ሊሄዱበት የሚገባ፣ ሦስት ኮከብ ያለው ደግሞ ለእርሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ ሊደረግለት የሚገባ ማለት ነው። ጎማ ለመሸጥ የተጀመረው መጽሐፍ እነሆ ዛሬ ሰውን ከአህጉር ወደ አህጉር ለእራት ያስጉዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ኮከቡ የሚሰጠው በሳህኑ ላይ ላለው ምግብ ብቻ ነው። መርማሪው ማንነቱን ሳይገልጥ ይገባል፤ ያዛል፤ ይቀምሳል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ይህ ሥራው ስለሆነ አይነቀፍም። የሚያሳዝነው ግን እኛ መርማሪ ሳንሆን የመርማሪን ዓይን ይዘን በሰው ማዕድ መቀመጣችን ነው። ሩቅ መንገድ የተጓዘ ሰው «ድካሜን የሚያካክስ ነገር ይገባኛል» ይላል። ሳህኑን ሲመዝን ሳህኑን ያቀረበውን እጅ አያይም።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በበዓለ ኀምሳ፣ ጾም በሌለበት ወራት፣ አራት ሆነን የሐዋሳን ዓሣ ልንበላ ተነሣን። ለዚህም ሦስት ወር ሙሉ ስንቆጥብ ቆይተናል። መንገዱ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሌሊቱ ተነሥተን ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱንና ሻሸመኔን አልፈን ረፋዱ ላይ ደረስን። መንገዱን ሁሉ ወሬአችን ስለ ቆሮሶው ጥብስ፣ ስለ ዳጣውና ስለ ትኩሱ የዓሣ ሾርባ ነበር። በሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች ፍርፋሪ ሲጠብቁ ቆመዋል። ከምግብ ቤቶቹ ወደ አንዱ ገብተን አዘዝን።

ጠበቅን። አንድ ሰዓት አለፈ። የምታስተናግደን ልጅ በዕድሜ ከእኛ የምታንስ ናት። ጠራኋትና «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ባዶ ጠረጴዛ ለማየት ነው እንዴ?» አልኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለ ነበር ሌሎች ተመጋቢዎችም ዞረው አዩን። እርስዋም አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ ጋሼ፤ ሌሊት ነፋስ ስለ ነበረ መረብ ሊያነሡ የሄዱት ጀልባዎች ገና አልገቡም። ወንድሜም አብሯቸው ነው» አለችኝ። ይህን ብላ ወደ ሐይቁ ተመለከተች። ከመጣን ጀምሮ ዓይኗ ወደዚያው ሲመላለስ እንደ ነበር ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው።

ጀልባዎቹ በደኅና ገቡ። አንድ ወጣት እስከ ወገቡ ርሶ፣ ዓሣውን ተሸክሞ በጓሮ በኩል ሲያልፍ አየሁ፤ ልጅቷም ሮጣ ተቀበለችው። ዓሣው ተጠብሶ ቀረበ፤ እኛም በላን። ስንነሣ ጠቀም ያለ ጉርሻ ከሳህኑ ሥር ትቼ ወጣሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም። ስሟንም አልጠየቅሁም። በመመለሻችን ጓደኞቼ የዓሣውን ጣዕም ሲያደንቁ እኔም ላስታውሰው ሞከርሁ፤ አልመጣልኝም። እስከ ዛሬ የሚታየኝ ወደ ሐይቁ የዞረው ፊቷ ነው።

አንዳንዱ «ዋጋውን ከፍለሃል፤ ጉርሻም ጨምረሃል፤ ከዚህ በላይ ምን ዕዳ አለብህ?» ይለኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲሁ እያልሁ ልጽናና ሞክሬአለሁ። ነገር ግን ጉርሻ የሚለውን ቃል እንመርምረው። በማዕድ ላይ ጉርሻ ማለት ጠቅልሎ በገዛ እጅ ማጉረስ ነው። ያን ጉርሻ የሚጐርሰውን ሰው ፊት ሳያዩ መስጠት አይቻልም። እኔ ከሳህን ሥር የተውኩት ግን ፊቷን ላለማየት የሰጠሁት ነበር። ገንዘብ ለዓሣው ዋጋ ይሆናል፤ ለነፋሱና ለጭንቀቱ ግን በምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈ ዋጋ አልነበረም።

በዚህ ነገር ላይ ሳስብ የዳዊት ታሪክ ትዝ ይለኛል (2ኛ ሳሙኤል 23፥15-17)። ዳዊት በምሽግ ሳለ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለችው ጕድጓድ ውኃ መጠጣት ናፈቀው። ውኃ በሌላም ስፍራ ይገኝ ነበር፤ እርሱ የተመኘው ግን የአገሩን ውኃ ነው። ሦስት ኃያላን ይህን ሰምተው የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡት ስለሆነ ሊጠጣው አልወደደም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዳዊት ናፍቆቱን ተናገረ እንጂ ሂዱ ብሎ አላዘዘም። ቢሆንም ምኞቱ ለሌሎች አደጋ ሆነ። የእኛም ምኞት እንዲሁ ነው። ገንዘብ ይዘን «ትኩስ ዓሣ» ስንል አንድ ጀልባ ወደ ሐይቁ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ዳዊት ውኃውን ከመቅመሱ በፊት በውስጡ የሰዎቹን ነፍስ አየ። እኛ ምግቡን እናፍስስ አልልም፤ ዓሣ አጥማጁ ከዚያ ይኖራልና፣ መድፋታችን እርሱን መበደል ይሆናል። ከመቅመሳችን በፊት ማየቱ ግን ለእኛም ይቻለናል።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለዋል። እስከ ዛሬ ይህን ተረት የምንጠቅሰው አስተናጋጁን ለመመዘን ነው፤ ፊቱ ከጠቆረ ፍትፍቱ አይጣፍጠንም። ለመሆኑ የእንግዳውስ ፊት? ያቺ ልጅ በጭንቀት ውስጥ ሆና በፈገግታ ተቀበለችን። ፊቴን ያጠቆርሁት እኔ ነበርሁ። እንግዲህ በጓደኞቼ ክርክር መካከል ያልተነሣው ነገር ይህ ነው። የመንገዱ ርዝመትና የሒሳቡ ብዛት ብቻውን አይፈርድብንም። ሆዳም የሚያሰኘው ሩቅ መሄድ ሳይሆን ሩቅ ሄዶ ከሳህኑ በቀር ማንንም ሳያዩ መመለስ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሰፈሩ ቢበላም ያው ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ አቅማችን ሲፈቅድ እንሂድ፤ የሐረርን ቡና፣ የአርባ ምንጭን ዓሣ፣ የዶርዜን ቆጮ በየቦታው እንቅመስ። ነገር ግን የምግቡን ስም ስንጠይቅ የሠራውንም ሰው ስም እንጠይቅ። የለመድነው ጣዕም ባይሆን በባለቤቱ ፊት አናጣጥል። ሲዘገይ ከመቆጣታችን በፊት ለምን እንደ ዘገየ በለሰለሰ አንደበት እንጠይቅ።

ዘንድሮም በበዓለ ኀምሳ ወደ ሐዋሳ ለመሄድ መቆጠብ ጀምረናል። ልጅቷን አገኛት እንደሆነ አላውቅም። ካገኘኋት ግን ከዓሣው በፊት የምጠይቀው ይቅርታ አለብኝ።