ባንዳውም አባት ነበረው

ያለፈውን ክረምት ገበዝ ማርያም አያቴ ቤት ነበርኩ። ይዤ የሄድኩት ሁለት ነገር ነው፦ ያላለቀ ታሪካዊ ልቦለዴንና ተማሪ እያለሁ ለፈተና ብዬ ያነበብኩትን የሆሜርን ኢሊያድ።

ልቦለዱ ስለ 1933 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቀቀ። ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ በሁለተኛው ቀን ደምበጫ አጠገብ ከአንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ታሪኩን ስንሰማ «እኛ» እና «ጣሊያን» ብቻ ያሉበት ይመስለናል። ግን በጣሊያን ወገን ተሰልፈው ከሚተኩሱት ብዙዎቹ የኤርትራ አስካሪዎችና የሀገር ልጆች ነበሩ። እኔ ይቺን ውጊያ «ሦስት ባንዳ ወንዙ ዳር ቀረ» ብዬ ዘግቻት ነበር። ስጽፋት ደስ ብሎኛል፤ ፉከራ ፉከራ ትላለች።

ከዚያ ኢሊያድን እንደገና ከፈትኩ። ከመጀመሪያው ንባብ የቀረኝ ዜውስና አማልክቱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ መሄዳቸው ብቻ ነበር፤ ኩራት ነዋ! አሁን ግን ዓይኔን የያዘው ሌላ ነው፤ ሆሜር የሚሞተውን ሰው በስሙ ይጠራዋል። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ሲሞኢሲዮስ የሚባል የትሮይ ወጣት አለ። በታሪኩ ውስጥ ያለው ሥራ መሞት ብቻ ነው። ሆሜር ግን ይቆምለታል፦ እናቱ ወንዝ ዳር እንደወለደችው፣ ስሙ ከዚያ ወንዝ እንደወጣ፣ ያሳደጉትን ወላጆቹን ሳይጦር እንደቀረ ይነግረናል። ጠላት እኮ ነው! ግጥሙ የግሪኮች፣ ሟቹ የትሮይ።

የኔም ሰዎች የወደቁት ወንዝ ዳር ነው። እናት ግን አልሰጠኋቸውም።

ይሄን ለአያቴ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። «የእናቴን ጎተራ ከነእህሉ ያቃጠሉት እነሱ ናቸው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ለነሱ ደግሞ ልታለቅስ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን ቀናት አብሮኝ ከረመ። ለባንዳ ስም መስጠት፣ ጎተራዋ የተቃጠለባትን ሴት መክዳት ይሆን?

አሁን የሚመስለኝ ይሄ ነው፦ ስም መስጠት ይቅርታ አይደለም። ሆሜር ራሱ የገዛ ወገኑን ጀግና ጥፋት አይሸፍንም፤ አኪሊስ ለጓደኛው ቀብር ብሎ 12 የትሮይ ወጣቶችን ሲያርድ ያሳየናል። እንዲያውም ስም ክሱን ያጠብቀዋል። «ባንዳ» ብቻ ብለን ካለፍነው ጎተራውን ያቃጠለው ጭራቅ ነው፤ ጭራቅን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? አባት የነበረው፣ እህል ሲወቃ ያደገ፣ እምቢ ማለት ይችል የነበረ ሰው ሲሆን ነው እሳቱ ወንጀል የሚሆነው። ዛሬ ስልካችን ላይ ሐሳቡን ያልወደድነውን ሁሉ «ባንዳ» ስንለውም የምናመልጠው ከዚሁ ነው፤ ሰውዬውን ከመጠየቅ።

የመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ሽማግሌው ፕሪያም በሌሊት ወደ አኪሊስ ድንኳን ይሄዳል። የልጁን የሄክቶርን ሬሳ ሊለምን፣ ልጆቹን የገደለውን እጅ ይስማል። እኛ አገር ደም ሲደርቅ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው የገዳይ ወገን ነው፤ እዚህ ግን የሄደው የሟች አባት ነው። ሁለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዱ ግን ለራሱ ሰው። ዕርቅም አይደለም። የተስማሙት ሄክቶር ተለቅሶለት እስኪቀበር ውጊያው እንዲቆም ነው፤ በ12ኛው ቀን ይቀጥላል።

ምዕራፌን እንደገና ጻፍኩት። ከሦስቱ ለአንዱ ስም አወጣሁለት። አባቱ ቡሬ አካባቢ ዳጉሳ የሚዘራ ገበሬ ነው፤ ልጁ ለማን እንዳደረ ያውቃል፣ ስሙንም ቤት ውስጥ አያስጠራም። ያም ሆኖ ውጊያው ሲያበቃ በሌሊት ወንዙ ዳር ወርዶ ሬሳ ያገላብጣል።

ለአያቴ አነበብኩላት። ጨርሼ ብዙ ቆየች።

«ጎተራውንስ ጽፈኸዋል?»

«ጽፌዋለሁ እማማ። ያቃጠለውም እሱ ነው።»

«እንግዲያስ ቅበረው» አለችኝና ወደ ድንቿ ተመለሰች።