«ጳውሎስ» የተባለው ኮሚኒስት

ሰው እግዚአብሔርን ሳያውቅ ጽድቅን ሊሠራ ይችላልን? ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ጥያቄ ከወጣቶች አንደበት ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በአንድ ሰው ሕይወት ልንመረምረው ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢልዮ ባሮንቲኒ በ1890 በጣሊያን አገር በቼቺና ተወለደ። ኮሚኒስት ሆነ፤ በ1937 በእስፓኝ ከፋሺስቶች ጋር ተዋጋ። በ1938 መጨረሻ ገደማም የገዛ አገሩ ጦር ወደ ወረራት ኢትዮጵያ በስውር ገብቶ ከአርበኞች ጋር ተሰለፈ። ሁለት ጓዶቹ አንቶን ኡክማርና ዶሜኒኮ ሮላ ተከተሉት። የምስጢር ስማቸው ጳውሎስ፣ ዮሐንስና ጴጥሮስ ስለ ነበረ «ሦስቱ ሐዋርያት» ተባሉ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ለእኛ ለካቶሊካውያን ግን የሚያሳፍር ቁም ነገር አለበት። በጥቅምት 1935 የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ያንኑ ዘመቻ ለወንጌል መንገድ የሚከፍት አድርገው በካቴድራላቸው አወድሰውት ነበር። እኒሁ አባት በ1938 የፋሺስቶችን የዘር ትምህርት በግልጽ ነቅፈዋል፤ በ1996ም ብፁዕ ተብለዋል። ነገር ግን በግንቦት 1937 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሽነዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ካህኑ አልፎ ሲሄድ የቆመው ሳምራዊው ነው።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ያለ ጥፋታቸው እግዚአብሔርን ገና ያላወቁ፣ ነገር ግን በጸጋው ረድኤት በቅን ለመኖር የሚጥሩ ሰዎች ለመዳን የሚያስፈልገውን እርዳታ እንደማይነፈጉ አስተምሯል። በደርግ ዘመን ለኖርን ይህን ለኮሚኒስት መናገር ቀላል አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ቀይ ሽብርን ያስታውሰናልና።

ባሮንቲኒም ነቀፋ የለበትም አንልም። በ1944 በኤሚሊያ-ሮማኛ የአርበኞች ጦር አዛዥ፣ በ1946 የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባል፣ በ1948 ሴናተር ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ፓርቲው ስታሊንን ሲያወድስ በሶቪየት ካምፖች ንጹሐን ይማቅቁ ነበር። በ1949 ቅድስት መንበር የኮሚኒስትን ትምህርት አምነው የሚያስፋፉ ካቶሊካውያንን ከአንድነቷ ለየች። የኢትዮጵያዊውን ገበሬ መከራ ያየ ኅሊና የሩሲያዊውን ገበሬ ለምን አላየም? ካርዲናሉ ሰንደቅ ዓላማ ጋረዳቸው፤ ባሮንቲኒን ፓርቲው የጋረደው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ አንዱ ሲሳሳት በመንበሩ ላይ ነበረ፤ ሌላው ትክክል የሠራው ነፍሱን አሲዞ ነው።

በጥር 1951 በመኪና አደጋ ሞተ። ለእንዲህ ያለ ሰው መጸለይ ይገባልን ብለው ተማሪዎቻችሁ ቢጠይቋችሁ፣ እኔ በሙታን መታሰቢያ ቀን ስሙን ከአርበኞቻችን ስም ጋር ለመጥራት አላመነታም።