የአባቱ መምህር

የኩንግ ፉ መምህሩን የኢፕ ማንን የወጣትነት ዘመን የሚተርከውን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን ለአንድ ትዕይንት ብቻ ብዬ ነው። «ዘ ሌጀንድ ኢዝ ቦርን» ይባላል፤ ሄርማን ያው ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የሆንግ ኮንግ ፊልም ነው። የጃፓን ሰላዮች የገቡበት ታሪክ ብዙም አልያዘኝም። ልቤ የቀረው ከቻይናዋ ፎሻን ከተማ ለትምህርት ሆንግ ኮንግ የሄደው ወጣቱ ኢፕ ማን ለዩንግ ቢክ ከሚባለው ሽማግሌ ጋር ክንድ ለክንድ የተጋጠመበት ላይ ነው። ወጣቱ ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ስልት አውቄ ጨርሻለሁ ያለ ይመስላል፤ ሽማግሌው ግን ገና ጀማሪ መሆኑን ያሳየዋል።

ሽማግሌውን ሆኖ የሚጫወተው ኢፕ ቹን ነው። የኢፕ ማን የገዛ ልጅ፣ ያኔ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው። ልጅ የአባቱን መምህር ሆኖ ወጣት አባቱን ያስተምራል!

በካንቶን ቋንቋ የኩንግ ፉ መምህር «ሲፉ» ነው። በቻይንኛ በሁለት ፊደላት ይጻፋል፤ የመጀመሪያው መምህር፣ ሁለተኛው አባት ማለት ነው። እንግዲያው ኢፕ ቹን በዚያ ትዕይንት የአባቱ አባት ሆኗል። ወላጅን ማክበር በኮንፊሽየስ ትምህርት ትልቅ ቦታ አለው፤ እኔ ባደግሁበት ቤትም ከእግዚአብሔር የመጣ ትእዛዝ ነው። ታዲያ ያስተማረኝን ሰው መልሶ ማስተማር ማክበር ነው ወይስ መድፈር?

ኢፕ ማን እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ወንዶች ልጆቹ ፎሻን ቀርተው ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገረ። ኢፕ ቹን አባቱን ዳግም ያገኘው በ1962 ነው። አሥር ዓመት አብረው ቆዩ፤ በ1972 አባትየው በጉሮሮ ካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት፣ በሽታው አመንምኖት ሳለ፣ እንቅስቃሴዎቹን በካሜራ ፊት ሠርቶ አስቀርቷል። ያንን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ዊንግ ቹን ግን በማየት ብቻ አይያዝም። «ቺ ሳኦ» የሚሉት ልምምድ አለ፤ ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አነካክተው አንዱ የሌላውን ጉልበት በቆዳው ያዳምጣል። ኢፕ ቹን የተዋናዩን ክንድ ሲነካ፣ የነካው በአባቱ ክንድ በተገራ ክንድ ነው።

አባቴ አናጢ ነበሩ። መላጊያ መያዝን ያስተማሩኝ በቃል አይደለም። ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን በእጄ ላይ ጭነው ይገፉ ነበር፤ እንጨቱ እምቢ ሲል በመዳፌ አውቀው ጀመር። አሁን እርጅና ብዙ ነገር አስረስቷቸዋል። ባለፈው ክረምት የበር ሳንቃ ስልግ መጡና በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

ዝም ብለው አዩኝ፤ አላመኑኝም። «እስቲ እኔንም አሳየኝ» አሉ።

ቆሜ ቀረሁ። እንደ ልጅ ከኋላ ይዤ ላስተምራቸው? ትከሻቸው ከትከሻዬ በታች ሆኗል። እምቢ ብል ደግሞ የጠየቁትን መንፈጌ ነው። መላጊያውን አስያዝኳቸው፤ ከኋላቸው ቆሜ እጄን በእጃቸው ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ እኔ ገፋሁ። ሦስተኛው ላይ እጄ ዝም ብሎ ተከተለ፤ የሚገፉት እሳቸው ነበሩ።